ጉድጓዱና ቅጠሉ

የሰፈሩ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ አቤት ያለበት ጉድጓድ ውስጥ የከተማው የመንገድ ኃላፊ የአቶ ደምሰው አዲስ መኪና ገባችና የፊት መብራቷ ተሰበረ። ለወትሮው በመስኮት እጃቸውን አውለብልበው የሚያልፉት ኃላፊ፣ የዚያን ዕለት የሰፈሩ ጭንቀት ጭንቀታቸው ሆነ። ወርደው መንገድ ዳር የተቀመጠውን ጫማ ሰፊ አፋጠጡት።

"ጉድጓድ እንዳለ እያወቃችሁ ለሾፌር ምልክት የሚሆን አንድ ቅጠል እንኳ እንዴት አታስቀምጡም? ትጠየቅበታለህ" አሉት።

ጫማ ሰፊው ወስፌውን ሳያስቀምጥ መለሰ።

"ቅጠልስ ነበረው፣ ጌታዬ። ባለፈው ስብሰባ ላይ ግን ጉድጓዱ ተደፍኗል ብለው እርስዎ ራስዎ ነገሩን። ቅጠሉን ብንተወው ኃላፊያችንን ውሸታም ማሰኘት ይሆንብናል ብለን አነሳነው። ያውና፣ አጥሩ ሥር ነው፤ ጉድጓዱ አለ ካሉን አሁኑኑ እንመልሰዋለን።"