በቀትር የተረጨ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ አያ ሙሄ፣ የቲማቲሙን ግንድ ከድጋፉ እንጨት ጋር እያሰሩ። ቀና ብለው አበጋዝን አላዩትም።

እሱ ከአትክልቱ መደብ ዳር ቁጭ ብሏል። የመጣው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው። ልጁ ሉባባ፣ እሱ ሳይወድ ያገባችው ሰው ደብድቦ ቢያባርራት፣ ጨርቋን ቋጥራ ወደ አባቷ ቤት መጣች። ገና ደጃፍ ላይ እንደቆመች፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «ይሄ ሰው አይሆንሽም ብዬሽ አልነበር? የእጅሽን ነው ያገኘሽው!» አላት። ልጅቱ ጨርቋን እንደያዘች ዞረችና አክስቷ ዘንድ ሄደች። ለሟች እናቷ ሰደቃ እንኳ አልመጣችም።

«ያልኳት እውነት ነው፤ ክፉ አስቤም አይደለም። ታዲያ እውነት እንዴት ልጅ ያሳጣል፣ አያ ሙሄ?» ነበር ጥያቄው።

«ገበሬ ነው፤ እንደኔና እንዳንተ» ብለው አያ ሙሄ ቀጠሉ። «ሚስቱ የቲማቲም ችግኝ አፍልታ፣ ወደ ማሳ ሳታዛውረው ሞተች። እሱ አዛወረው። ከእጇ ሥራ የቀረው ያ ብቻ ነው። ፍሬ ሲይዝ ግን የፍሬው ቂጥ ይጠቁር ጀመር። ደህና የመሰለውም ገበያ ሳይደርስ ይፈርጣል።

«የግብርና ባለሙያ መጥቶ አየለትና፣ ካልሲየም አንሶታል አለው። በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጠው። ‘ቅጠሉም ፍሬውም ላይ ትረጨዋለህ። ልጣጩ ይጠነክራል፤ ከተለቀመም በኋላ ቶሎ አይበሰብስም። ብቻ አደራ፣ አቅጥነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ርጨው’ አለው።

«ሰውየው እሺ አለ። በማግስቱ ቀትር ላይ ማሳው ቢገባ ሌላ የጠቆረ ፍሬ አየ። እስኪመሽ መቆየት አቃተው። ሚስቱ ትዝ ብላው ይሆናል፣ እንጃ። ዱቄቱን እጥፍ አድርጎ በጠበጠና በዚያ ፀሐይ ረጨው። አንድ ቅጠል አላለፈውም። ርሶ ሲያብረቀርቅ አየና ደስ ብሎት ቤቱ ገባ።

«ፀሐይ ውሃውን ቶሎ ጠጣችው። የዱቄቱ ጨው ብቻውን ቅጠሉ ላይ ቀረ። ሲነጋ ቢመለስ ማሳው እሳት የበላው መስሏል። ውሃ እየቀዳ ቅጠሉን አንድ ባንድ ቢያጥብ፣ ቢያጥብ፣ እጁ ላይ ይረግፋል።

«‘መርዝ ሰጠኸኝ!’ ብሎ ባለሙያው ላይ ጮኸ። ባለሙያውም ማሳውን ዞሮ አየ። ‘የሰጠሁህስ መድኃኒት ነው። መቼ ነው የረጨኸው?’ አለው።»

አያ ሙሄ የያዙትን ገመድ ቋጠሩ።

«አልዳነለትም?» አለ አበጋዝ።

«ግንዱ አልሞተም ነበር። የተቃጠለ ቅጠል ግን ተመልሶ አይለመልም።» ወደ ሌላው ግንድ ተሻገሩ። «አንተም ያው እንደዚያ ሰው ነህ። የያዝከው መድኃኒት ነው፤ እንድትጠነክርልህ ፈልገህ ነው። ልጅህ ግን በቀትሯ ነው የመጣችብህ። አንተ ደግሞ አወፈርከውና ደፋህባት። መውደድህ እሷ ጋ ሳይደርስ ተነነ። የደረሳት ጨዉ ብቻ ነው።»

አበጋዝ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ብድግ አለ።

«ወዴት ነው?»

«እሷ ጋ። አሁኑኑ ሄጄ ላስረዳት። ያልኩሽ እውነት ቢሆንም እንኳ ልበላት፣ አንቺም ብትሆኚ ያኔ ብትሰሚኝ ኖሮ...»

አያ ሙሄ ያኔ ገና ቀና ብለው አዩት።

«ቁጭ በል፣ አበጋዝ። ፀሐዩ አልበረደም።»