የግራንድ ማስተሩ ምክር

ግራንድ ማስተር ምንያምር ለአዲሶቹ ጥቁር ቀበቶዎች ምክር ሊሰጡ የመጡት ከቀጠሮው ሁለት ሰዓት ዘግይተው ነበር። ወደ ከተማዋ የቴኳንዶ አዳራሽ እንደገቡም ስምንቱን ተመራቂዎች ጉልበታቸውን አጥፈው እንዲቆሙ አዘዙና ንግግራቸውን ጀመሩ። ስለ ትህትና ሲያስተምሩ ያሸነፏቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ጠሩ። ስለ ትዕግስት ሲያስተምሩ ደግሞ ውሃ ያዘገየችባቸውን አስተናጋጅ ተቆጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከራሳቸው በቀር የሚያመሰግኑት ሰው አላገኙም።

በመጨረሻ ቀበቶ ማሰር ጀምረው ከአንዲት የጉሊት ሴት ፊት ደረሱ። ሴትዮዋ ቀን ድንች እየሸጠች፣ አመሻሽ ላይ እየመጣች ስድስት ዓመት የሠለጠነች ናት። ግራንድ ማስተሩ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና ቀበቶውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉት።

«ጥቁር ቀበቶ ለጉሊት ምን ይሠራል?» አሉ፣ ሰው እንዲስቅላቸው ዞር ዞር እያሉ። «በይ፣ ዛሬ ከእኔ የተማርሽውን ተናገሪ። ካላወቅሽው ባዶ ወገብሽን ትመለሻለሽ!»

ሴትዮዋ እጅ ነሳችና እንዲህ አለች፦

«ጌታዬ፣ ትህትናን እንኳ ዛሬ የሚያሳየኝ ሰው አላገኘሁም። ትዕግስትን ግን እርስዎን ሳዳምጥ ተምሬ ጨረስኩ። ራስን መግዛትም ቢሆን ይኸው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እርግጫ ስማር ከርሜ፣ እርስዎም እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ቆመው፣ እግሬ እስካሁን ከመሬት አልተነሳም።»

ግራንድ ማስተሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉና ራሷ እንድታስረው ቀበቶውን ከሩቅ አቀበሏት።