ጥላ አልሆንም ያለው ቆርቆሮ

እንሰማለን ካላችሁ ልንገራችሁ፤ አንሰማም ካላችሁም መንገሬ አይቀርም።

ከቆላው በረሃ መሀል፣ አውቶብስ መጥቶ ሰው አራግፎ አዙሮ የሚመለስባት ሰባት ግራር የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ሰባት ግራር ይሁን እንጂ ግራር አንድም የላትም፤ ከሰል አክስለው ጨርሰዋቸዋል። እኩለ ቀን ሲሆን ውሻው አልጋ ሥር ይገባል፣ ዶሮዋ ጋሪ ሥር ትገባለች፣ ሰውም በሩን ዘግቶ ይተኛል።

በዚህች ከተማ ደብሪቱ የምትባል ሴት ትኖራለች። በዕድሜዋ አንቱ ልላት በተገባኝ ነበር፤ ግን አንቱ ሲሏት "ምነው፣ ልትቀብሩኝ ነው?" ብላ ስለምትቆጣ አንቺ እላታለሁ። ደብሪቱ ወሬ ትወዳለች። ሐሜት አላልኩም፣ ወሬ ነው ያልኩት። ማን መጣ፣ ምን ይዞ መጣ፣ ለምን ፊቱን አጨማደደ፣ ይህን ካላወቀች እህል አይወርድላትም። አውቶብሱ የሚቆመው ደግሞ ልክ ከቤቷ ፊት ለፊት ነው። ምን ዋጋ አለው፣ የሚመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው! በሯን ብትከፍት ወላፈኑ ይገባል፤ ብትዘጋ ምንም አይታያትም።

አምና የቅጠል ዳስ ሠርታ ነበር። እግሩን ምስጥ በላው፣ ራሱን ነፋስ ወሰደው። "ግድ የለም" ብላ ያለ ዳስ ደጅ ብትቀመጥ፣ ፀሐዩ አናቷን መትቷት ራሷን ስታ ወደቀች። ደጋ የሚኖረው ልጇ ታፈሰ ይህን ሰምቶ ደወለ።

"እማዬ፣ በቃ። ደህና ጥላ ከሌለሽ ሙቀቱ ሳይብስ መጥቼ እወስድሻለሁ። እኔ ጋ ጋቢሽን ለብሰሽ ትቀመጫለሽ።"

ደብሪቱ ክው አለች። የታፈሰን ቤት ታውቀዋለች። ከግቢ ጀርባ ነው፤ በመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ብቻ ነው። ማን እንደመጣ ሳታይ፣ ማን እንደሄደ ሳታውቅ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ ልትቀር? ከዚህ በላይ የሚያስፈራት ነገር አልነበረም። ስለዚህ ነፋስ የማይወስደው፣ ምስጥ የማይበላው ቋሚ ጥላ ከደጇ ልትሠራ ተነሳች። ዕቃው ሁሉ ግቢዋ ውስጥ አለ። ከፈረሰ መጋዘን የተገኘ ቆርቆሮ ከግድግዳው ተደግፏል፣ ወፍራም ምሰሶ ከጓሮ ተጋድሟል፣ ጎረቤት ቤት ሠርቶ የተረፈው ሲሚንቶ በከረጢቱ ተቀምጧል። የጠፋው የሚንቀሳቀስ ነው።

ደብሪቱ ቆርቆሮውን አንኳኳችው። ቆርቆሮ ይናገራል ወይ እንዳትሉኝ። እዚያ ሙቀት ውስጥ ትንሽ ተቀመጡና ከዚያ ጠይቁኝ።

"አንተ ቆርቆሮ፣ ተነስና ጥላ ሁነኝ፤ ከአውቶብሱ ማን እንደሚወርድ ልይበት።"

"አልሆንም" አለ ቆርቆሮው።

"ለምን?"

"ምን ላይ ልውጣ? የዚህን አገር ነፋስ አታውቂውም? የሚሸከመኝ ምሰሶ ካልቆመ ከዚህ ግድግዳ ንቅንቅ አልልም።"

እንዲህ ሲባባሉ ክላክስ ተነፋ። ቆርቆሮው ጥላ አልሆንም አለ፤ አውቶብሱ መጥቶ ሄደ፤ ደብሪቱም ማን እንደወረደ ሳታይ ቀረች።

ወደ ጓሮ ዞረች። "አንተ ምሰሶ፣ ቁምና ቆርቆሮውን ተሸከምልኝ።"

"አልሸከምም" አለ ምሰሶው እንደተጋደመ።

"ለምን?"

"የአምናውን ዳስሽን እግር ማን እንደበላው ረሳሽው? አፈር ውስጥ ብትተክይኝ ምስጡ ከሥር ይጀምረኛል።"

"ምስጥ ሲበላ ያማል እንዴ?"

"አያምም፣ ይኮረኩራል። የሚታወቀው ሲያልቁ ነው። ሲሚንቶ እግሬን ካልያዘልኝ አልቆምም።"

ምሰሶው ቆርቆሮ አልሸከምም አለ፤ ቆርቆሮው ጥላ አልሆንም አለ፤ አውቶብሱ መጥቶ ሄደ፤ ደብሪቱም ማን እንደወረደ ሳታይ ቀረች። ያን ዕለት እንደውም አንድ ሰው ሲስቅ ሰምታለች። ማን ነበር? ምን አሳቀው? ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች።

በማግስቱ ከረጢቱን መታ መታ አደረገችው። "አንተ ሲሚንቶ፣ ተነስና የምሰሶውን እግር ያዝልኝ።"

ሲሚንቶው አቧራውን ቡን አደረገና "አልይዝም" አለ።

"ለምን?"

"እንዲህ በደረቁ? እኔ የምይዘው ጠጥቼ ነው። ደግሞ አንዴ ጠጥቼ አይበቃኝም። ይህ ፀሐይ ከላይ ሲመጠኝ እናንተ ከላይ ካላጠጣችሁኝ እሰነጠቃለሁ። ተሰነጣጥቄ መሳቂያ ከምሆን ከረጢቴ ውስጥ ይሻለኛል። ውሃ አምጪ።"

"እስከ መቼ ነው የምትጠጣው?"

"እስክጠነክር።"

"እንዲህ ያለ ጠጪም አይቼ አላውቅ!" አለች ደብሪቱ። ሲሚንቶው ምሰሶ አልይዝም አለ፤ ምሰሶው ቆርቆሮ አልሸከምም አለ፤ ቆርቆሮው ጥላ አልሆንም አለ፤ አውቶብሱ መጥቶ ሄደ፤ ደብሪቱም ማን እንደወረደ ሳታይ ቀረች።

የከተማዋ ውሃ ያለው ቦኖው ጋ ነው፤ ቧንቧው ደግሞ ከሰፈሩ ራቅ ይላል። ደብሪቱ ሄዳ ጎንበስ አለች። "አንተ ውሃ፣ ናና ሲሚንቶውን አጠጣልኝ።"

"አልሄድም" አለ ውሃው።

"ለምን?"

"እግር አለኝ? በጆግ ይዘሽኝ ብትሄጂ ግማሼን ፀሐዩ ይጠጣዋል፣ ግማሼን አንቺ ትጠጪዋለሽ። ለሲሚንቶው ምን ይተርፈዋል? በጀሪካን ሆኜ የሰፈሩ ውሃ አመላላሽ አህያ ካልጫነችኝ አልሄድም።"

ደብሪቱ የመጣችበትን መንገድ አየች። ውሃው እውነቱን ነው፤ ገና ከመናገሩ ጠምቷት ነበር። ውሃው ለሲሚንቶው አልሄድም አለ፤ ሲሚንቶው ምሰሶ አልይዝም አለ፤ ምሰሶው ቆርቆሮ አልሸከምም አለ፤ ቆርቆሮው ጥላ አልሆንም አለ፤ አውቶብሱ መጥቶ ሄደ፤ ደብሪቱም ማን እንደወረደ ሳታይ ቀረች።

ይህን ጊዜ ታፈሰ እንደገና ደወለ። "እማዬ፣ ጥላው ተሠራ?"

"እየተነጋገርንበት ነው" አለች ደብሪቱ።

"ከማን ጋር?"

"ከሁሉም ጋር።"

 ታፈሰ "ከሥራ ፈቃድ ልጠይቅና መጣሁ" ብሎ ስልኩን ዘጋው። ደብሪቱ አልተቀመጠችም። ሩጫም ባይሉት በሩጫ ወደ አህያዪቱ ሄደች። አህያዪቱ ቀኑን ሙሉ ለሰፈሩ ውሃ ስታመላልስ የኖረች ናት፤ ያን ዕለት ግን ከአጥሩ ጥግ ደርቃ ቆማለች።

"እባክሽ አንቺ አህያ" አለቻት፣ "ውሃው ለሲሚንቶው አልሄድም አለ፤ ሲሚንቶው ምሰሶ አልይዝም አለ፤ ምሰሶው ቆርቆሮ አልሸከምም አለ፤ ቆርቆሮው ጥላ አልሆንም አለ፤ ልጄ ደግሞ ሊወስደኝ መጣሁ አለ! ውሃውን ጫኚልኝ።"

አህያዪቱ ጆሮዋን አቁማ እስከ መጨረሻው ሰማችና "ያሳዝናል" አለች። "ግን አልጭንም።"

"ለምን?"

"ዞረሽ ጀርባዬን እዪው።"

ደብሪቱ ዞራ አየች። ጀሪካኑ ቆዳዋን ልጦት ሥጋው ቀይ ሆኗል፤ ዝንብ ሰፍሮበታል። ይህን ሁሉ ዘመን በደጇ ስታልፍ ስታያት ማን እንደላካትና ለማን እንደምትወስድ እንጂ ጀርባዋን አንድም ቀን አላየችም። ዝንቡን በነጠላዋ ጫፍ አባረረችላት።

"ምን ይደረግልሽ?"

"ከጭነቱ ሥር የሚነጠፍ ለስላሳ ሰሌን። መዲና ካልሠራችልኝ አልጭንም።"

መዲና ከደብሪቱ ቤት ትንሽ ዝቅ ብሎ ከመንገዱ ዳር የምትኖር አፋር ናት፤ የዘንባባ ቅጠል እየጎነጎነች ሰሌን ትሠራለች። እጇ ፈጣን ነው፣ ምላሷም አይተናነስም። ደብሪቱ በማግስቱ እኩለ ቀን ሲቃረብ ሄዳ ደጇ ላይ አገኘቻት።

"መዲናዬ፣ ለአህያዪቱ ሰሌን ሥሪልኝ።"

"አልሠራም እትዬ።"

"ለምን?"

"ቅጠሉ የሚታዘዘው እርጥብ ሲሆን ነው። ፀሐይ ላይ ስቀመጥ እጄ ላይ ይደርቅና ቀጭ ይላል።"

"ቤት ውስጥ ሥሪዋ!"

"ቅጠሉ ረጅም፣ ቤቴ ጠባብ። ጠዋት ቅጠል ለቀማ ነኝ፣ ማታ ዓይኔ አያይም። ጥላ አምጪልኝና ሰሌን እሰጥሻለሁ።"

ደብሪቱ አፏን ከፈተች፤ "ለምን" ግን አልወጣም። መዲና ያለ ጥላ ሰሌን አልሠራም አለች፤ አህያዪቱ ያለ ሰሌን ውሃ አልጭንም አለች፤ ውሃው ለሲሚንቶው አልሄድም አለ፤ ሲሚንቶው ምሰሶ አልይዝም አለ፤ ምሰሶው ቆርቆሮ አልሸከምም አለ፤ ቆርቆሮው ጥላ አልሆንም አለ፤ አውቶብሱም ሊመጣ ነው። ጥላ ፍለጋ ወጥታ ጥላ አምጪ ተባለች! ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ጊዜ ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። እሷም አልቅሳለች፣ አልዋሽም፤ ቁጭ ግን አላለችም።

ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። በሁለት እጇ ወጠረችና ከመዲና በላይ ዘረጋችው። በመዲና ጭንና በእርጥቡ ቅጠል ላይ ጥላ ወረደ።

"እትዬ፣ ተይ! ፀሐዩ አናትሽን ይመታሻል። አምና የሆንሽውን ረሳሽው?"

"አንቺ ሥሪ።"

መዲና ጀመረች። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ፀሐዩን ለመከለል ደብሪቱ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ መቆም ነበረባት። ትንሽ ዞር ካለች ነጠላው ይዞራል፣ ፀሐዩ ቅጠሉ ላይ ይወድቃል። ልክ ያኔ ክላክሱ ተነፋ። አውቶብሱ ቆመ። በሩ ሲከፈት ሰማች።

አንገቷ ሊዞር ነው፤ ያዘችው። እንደገና ሊዞር ነው፤ እንደገና ያዘችው። በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ከባድ ነገር ተሸክማ አታውቅም።

"መዲና፣ ማን ወረደ?"

"ሥራ ላይ ነኝ።"

"እጅሽ ይሥራ፣ ዓይንሽ ምን ይሠራል?"

መዲና ቀና አለች። "ፍራሽ የተሸከመ ሰውዬ።"

"ምን ዓይነት ፍራሽ?"

"ሰማያዊ።"

"አዲስ ነው አሮጌ?"

"እትዬ! ዞር ብለሽ ለምን አታዪም?"

"ብዞር ቅጠሉ ይደርቅብሻል።"

መዲና እጇን አቆመችና ቀና ብላ አየቻት። የደብሪቱ ክንድ ይንቀጠቀጣል፣ ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል፣ ፊቷ ግን ወደ መንገዱ አልዞረም። መዲና ቅጠሉ ከተነከረበት ሳፋ ውሃ ጨለፈችና በደብሪቱ አናት ላይ አፈሰሰችላት። ከዚያ በኋላ እየጎነጎነች፣ ውሃ እያፈሰሰች፣ የወረደውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻት። ዶሮ ያቀፈች ሴት፣ አዲስ ጫማ ያደረገና የሚያነክስ ጎረምሳ፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት። አውቶብሱ መጥቶ ሄደ፤ ደብሪቱም ሳታይ ቀረች፤ ግን አልዞረችም፤ ሰሌኑም አለቀ።

እንግዲህ ተከተሉኝ! መዲና ሰሌን ሠራች፤ አህያዪቱ ሰሌኑን ለብሳ ውሃ ጫነች፤ ውሃው ሲሚንቶውን አጠጣ፤ ሲሚንቶው የምሰሶውን እግር ያዘ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ሲሚንቶው "ገና ነኝ" ብሏል። ደብሪቱ እርጥብ ጆንያ አለበሰችው፤ ጠዋት ማታ እያጠጣች "ደረስክ?" ትለዋለች፣ "ገና" ይላታል። "አሁንስ?" "ገና።" በኋላ "በይ አሁን" አላት። ምሰሶው ቆሞ ቆርቆሮውን ተሸከመ፤ ቆርቆሮውም ጥላ ሆነ።

መዲና ከሥሩ ገብታ ወደ ላይ አየችና "ቆርቆሮ ብቻውን እሳት ይተፋል" አለች። ሰፊ ሰሌን ሠርታ ከቆርቆሮው ሥር ወጠረችለት። አየሩ በሁለቱ መሀል እየገባ ወጣ፤ ሙቀቱም እዚያው ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቅጠሏን ይዛ እዚያ ነው የምትውለው።

እኩለ ቀን ሆነ። ደብሪቱ ከጥላዋ ሥር ተቀመጠች። ክላክሱ ተነፋ፤ አውቶብሱ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ፤ ደብሪቱም ማን እንደወረደ አየች። ታፈሰ ነው። ባዶ ሻንጣ ይዟል።

"እማዬ፣ ተነሽ። ዕቃሽን እስክንይዝ ሹፌሩን ጠብቀን ብዬዋለሁ።"

"እሺ ልጄ" አለች ደብሪቱ። "እስኪ መጀመሪያ ላብህን አድርቅ።"

ታፈሰ ሻንጣውን ጎኑ አድርጎ ተቀመጠ። ኮቱን አወለቀ። የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ። ሰሌኑን ቀና ብሎ አየ፣ ምሰሶውን በእጁ ወዘወዘው፤ ምሰሶው አልተነቃነቀም። ነፋስ መጣና ሸሚዙን ነፋው። እግሩን ዘረጋ።

ሹፌሩ ክላክሱን ነፋ። "ወንድም፣ ትሄዳላችሁ አትሄዱም?"

"አንዴ!" አለ ታፈሰ፤ ዓይኑ ግን ከአውቶብሱ ኋላ ሄዷል።

"እማዬ፣ ያ በር የተሸከመ ሰውዬ ማነው?"

"የቱ?"

"ያውልሽ! በር ብቻውን ምን ያደርግለታል? ቤቱ የታለ?"

ሹፌሩ እንደገና ነፋ። ታፈሰ ሳያየው በእጁ ሂድ አለው። አውቶብሱም መጥቶ ሄደ፤ ታፈሰ ወንበሩን ወደ መንገዱ አስጠግቶ፣ "መዲና፣ እስኪ ከአንቺ በኩል ይታይሽ እንደሆነ፣ በሩ መስተዋት አለው?" ይላል።

እኔም አፌ ደረቀ፤ ውሃ አቀብሉኝ።