ለመኝታ ብቻ የተፈለገች አክስት

አንድ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ነው። አዲስ አበባ ይሠራል፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ዓመቱን ሙሉ ልጆቹን አርባ ምንጭ እወስዳችኋለሁ ሲላቸው ከረመ። ትምህርት ሲዘጋ የሆቴል ዋጋ ቢጠይቅ ደነገጠ። የአምስት ሌሊት መኝታ ከጉዞው ወጪ ሁሉ በለጠ!

ሰውየው ግን ዘዴኛ ነው፤ ወረቀት አውጥቶ ዕቅድ ጻፈ። ሰኞ ጫሞ ሐይቅ፣ በጀልባ አዞና ጉማሬ ማየት። ማክሰኞ ነጭ ሳር። ረቡዕ ዶርዜ ተራራ። ሐሙስ ምንጮቹ። ከታች ደግሞ፦ መኝታ፣ አክስቴ ቤት፣ በነጻ።

ይህች አክስት ማን ናት? ወይዘሮ የሺመቤት ትባላለች፤ እዚያው አርባ ምንጭ የምትኖር የእናቱ እህት ናት። እናቱ የሞተችው እሱ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። መልኳን አያስታውስም። ዕድሜውን ሙሉ እናቴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች እያለ ሲጠይቅ ኖሯል። በደንብ ከሚያውቋት ሰዎች የቀረችው ይህች አክስቱ ብቻ ናት። በስልክ ሲጠይቃት፣ ይህ ተቀምጠው የሚያወሩት ነገር ነው፣ ና ትለው ነበር። በዕቅዱ ውስጥ ግን የገባችው የት ነው? መኝታ ላይ!

እሷስ? ሰባት ዓመት ያላየችው ልጅ ሊመጣ ነው ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገረች። አልጋዋን ለባልና ሚስቱ ለቀቀች። ለልጆቹ ፍራሽ ተዋሰች። እሷ ማድቤት አንጥፋ ተኛች።

ሰኞ ማለዳ ወጡ። ማታ ሐይቁ ዳር ዓሣቸውን በልተው ተመለሱ። እሷ ግን ራት ሠርታ፣ አንድ ጉርሻ ሳትቀምስ ትጠብቃለች። እንግዳ ሳይበላ ባለቤት እንዴት ይበላል? በልተናል አክስቴ፣ አትቸገሪ አላት። አትቸገሪ! ወገኖቼ፣ ስንት ጊዜ ነው ሰውን በደግ ቃል የምንጎዳው? ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕም እንዲሁ። ደክሟቸው ይገባሉ፤ ይተኛሉ።

ሐሙስ ጠዋት ጫማውን ሲያስር መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ልጄ፣ ዛሬ እንኳ ብትውልልኝ» አለችው። «የእናትህን ነገር ላወራህ ነበር።»

ልቡ አላመነታም አልልም። ግን ልጆቹ መኪና ውስጥ ገብተዋል፤ ምንጮቹም ገና አልታዩም።

«በሚቀጥለው አክስቴ፣ ላንቺ ብቻ ብዬ እመጣለሁ።»

«እሺ፣ እግዚአብሔር ያቆየን» አለች። አርብ በማለዳ ጉልበቷን ስሞ ሄደ።

በሦስተኛው ወር መጣ። ለእሷ ብቻ ብሎ መጣ፤ ለቀብሯ። ልቅሶው ላይ አንዲት ጎረቤቷ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ያን ሰሞን የእናትህን ነገር ሁሉ ነገረችህ አይደል፣ ሳቁ የእናቱ ሳቅ ነው ትል ነበር አለችው። ምን ይበላት? የመጣሁት ለመተኛት ብቻ ነበር ይበላት?

ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ እያለቀሰ ነው የነገረኝ። መቶ ሃያ የአዞ ፎቶ አለኝ፣ የአክስቴ ግን አንድም የለኝም አለኝ።

ወገኖቼ፣ አትፍረዱበት። መቆጠብ ኃጢአት አይደለም። ልጆችን ሐይቅና ተራራ ማሳየትም ደግ ነው፤ የፈጣሪ ሥራ ነውና። ግን ቤቱን ፈልጎ ባለቤቱን አለመፈለግ ምንድን ነው? እስቲ እንጠያየቅ፤ ወደዚህ ወደ እግዚአብሔር ቤትስ የምንመጣው ለምንድን ነው? ሲደክመን ልናርፍ፣ ሲያመን ልንድን፣ ሲነጋ ደግሞ ወደ ጉዳያችን ልንሮጥ አይደለም? ከራሱ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጠን የዋልነው መቼ ነው? እኔ ሰባኪያችሁ ይህን ስጠይቅ አፍራለሁ።

በዚህ ክረምት መንገድ ያሰባችሁ አላችሁ። ሂዱ፤ እግዚአብሔር በሰላም ይመልሳችሁ። ዘመድ ቤት ማረፍም መልካም ነው። ግን አንዱን ቀን ምንም አትጎብኙበት። ጫማችሁን አውልቁ፤ የቀረበላችሁን ብሉ፤ የሚያወሯችሁን ስሙ።

ያ ሰው ዛሬ ጊዜም ገንዘብም አለው። እናቴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው የሌለው።