ለአሳማዎቹ ስም ያወጣው ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ። ለጥያቄህ መልሱ እሱ ነውና ሳታቋርጠኝ ስማ።

ይህ ሰው ገበሬ ነበር። ቤተሰቡን ከዓመት ዓመት የምታደርስ አንዲት የበቆሎ ማሳ ነበረችው። እሸት በያዘች ቁጥር ግን የዱር አሳማ ሌሊት ሌሊት እየገባ ያወድምበታል። እንደ አገሩ ልማድ ማማ ሠርቶ፣ እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ «ሆ!» እያለ ድንጋይ ይወነጭፋል። ምንም አያይም፤ ጨለማውን ነው የሚደበድበው። ቢሆንም በቆሎው ይተርፍለት ነበር።

አንድ ቀን አዳኞችን መንገድ የሚመራ ወንድሙ በጨለማ የሚያሳይ መነጽር አመጣለት። «ልብ አድርግ» አለው፤ «ብዙ ያየህበት እንደሆነ፣ ዓይንህን ስታነሣ ለጥቂት ጊዜ ዕውር ትሆናለህ። አሳማው ያለበትን እይና ቶሎ አውርደህ ወንጭፍህን ያዝ።» ገበሬው «እሺ፣ እሺ» አለ። ልቡ ግን መነጽሩ ላይ ነበር።

ያን ሌሊት ማማው ላይ ወጥቶ ቢያይ፣ ጉድ! ዓለም ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ፍንትው አለ። የአሳማዎቹ የጆሮ ፀጉር ሳይቀር ታየው። በደስታ ሊሞት ደረሰ። «የሚጮህስ የማያይ ነው» ብሎ «ሆ!» ማለቱን ተወ። በሦስተኛው ሌሊት ስም አወጣላቸው፤ ወፍራሙን «ጭቃ ሹም»፣ ለብቻዋ የምትበላዋን «ባልቴቷ» አላቸው። ወንጭፉን ሊያነሣ ሲል «ቆይ፣ ጭቃ ሹም ደግሞ የቱን ሊበላ ነው?» እያለ መነጽሩን መልሶ ይደቅናል። አንድ ጊዜ እንደ ምንም አውርዶት ቢወነጭፍ፣ ዓይኑ ጨልሞበት የራሱን የውሃ ቅል ሰበረ።

ጠዋት ሚስቱ የተጋደመውን አገዳ አይታ እሪ አለች። እሱ ኮራ ብሎ፣ «አሥራ አንድ ናቸው። ይሄን የበላው ጭቃ ሹም ነው፤ ያንን ባልቴቷ። እሷ እንኳ ምስኪን ናት፣ ብዙ አትበላም» አላት።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፤ «ክረምት ሲገባ ለልጆቼ ስማቸውን ልቀቅልላቸው?»

ሲመሽ አሮጌ ጣሳ ይዛ ማሳው ውስጥ ገባች። ባሏ ከማማው ላይ «ቀስ በይ! ጭቃ ሹም በስተቀኝሽ ነው!» ይላታል። እሷ ግን ቀኝም ግራም ሳትል ጣሳውን እየቀጠቀጠች ጮኸች። አሥራ አንዱም እግሬ አውጪኝ አሉ። እሷ አንዱንም አላየችም። የቀረው በቆሎ የተረፈው እንዲያ ነው።

እንግዲህ ልጄ ይርዳው፣ «የኔታ፣ ቁጣዬን ገና ሲመጣ ከሩቅ አየዋለሁ፤ ጠባዩን ሁሉ ዐውቀዋለሁ፤ ታዲያ ስለ ምን ትዳሬን ያፈርስብኛል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ማሳው ትዳርህ ነው፤ አሳማው ቁጣህ። መነጽሩም ማወቅህ ነው፤ መልካም ነገር ነው፣ አልነቅፈውም። አንተ ግን ማማ ላይ ተቀምጠህ ስም ታወጣለህ። ዛሬ ማታ ሲመጣብህ አፍህን ዝጋና ከቤት ወጣ በል፤ ጣሳህ እሱ ነው። ምን ዓይነት ቁጣ እንደ ነበረ ግን ጠዋት መጥተህ እንዳትነግረኝ።