ጣት በከንፈር

አንድ ቀን፣ ያውም ጊዜ ባጠረበት ቀን፣ ባልና ሚስት የሦስት ዓመት ልጃቸውን ማህደርን ይዘው ቢሾፍቱ ውስጥ ስሙ ወደ ገነነ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ሄዱ። ሚስትየዋ እቴነሽ የፊታችን ሰኞ ጤና ጣቢያ ሥራ ትጀምራለች፤ ልጇን የት እንደምታውል ግን ገና አልቆረጠችም። ትናንት ያዩት የወይዘሮ ዘርፌ ሕፃናት ማቆያ ልቧን አልገዛውም። አሸዋ የተቆለለበት፣ አሮጌ ጎማ የተጋደመበት፣ ሕፃናቱ አፈር በአፈር ሆነው የሚንጫጩበት ግቢ ነው። «ምን ያስተምሯቸዋል?» ብላ ብትጠይቅ ወይዘሮ ዘርፌ አንዱን አዝለው አንዱን እየጎተቱ፣ «ኧረ ይጫወታሉ ልጄ! ሲጣሉ አስታርቃቸዋለሁ፤ ሲደክማቸው ይተኛሉ» አሏት። እቴነሽ ይኼ ትምህርት አልመሰላትም።

ስለዚህ ዛሬ በሩ ላይ ስትደርስ ባሏን ወንድይፍራውን ያዝ አደረገችው።

«ስማ፣ እዚህ የቀረው የአንድ ልጅ ቦታ ነው። በማርያም፣ አፍህን ያዝልኝ።»

«ምን አልኩ ገና?»

«ልትል ነዋ! አላውቅህም?»

ርዕሰ መምህሩ አቶ ልዑልሰገድ ከረባታቸውን አስተካክለው ተቀበሏቸውና ግቢውን ያስጎበኟቸው ጀመር። ሲራመዱም ሲናገሩም አይቸኩሉም።

«በእኛ ዘንድ ጨዋታ የሚባል ነገር የለም» አሉ። «የሕፃን አእምሮ ባዶ ደብተር ነው። ቶሎ ካልጻፍንበት ሌላው ይጽፍበታል። አራት ዓመት ሲሞላቸው እስከ ሺህ ይቆጥራሉ።»

«ምን ሊቆጥሩ?» አለ ወንድይፍራው።

የእቴነሽ ክርን ጎኑ ላይ አረፈ።

አንድ ክፍል ከፍተው አስገቧቸው። አርባ ሕፃናት በአግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ አርባውም ሌባ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገዋል። እንግዳ ሲያዩ እንደ አንድ ሰው ብድግ ብለው «ጉድ ሞርኒንግ ሰር!» አሉ፤ እንደ አንድ ሰው ተቀመጡ፤ ጣቶቹም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እቴነሽ እንዲህ ያለ ሥርዓት በዘመኗ አላየችም። ደስ አላት።

ወንድይፍራው ፊት ለፊት ወደተቀመጠው ልጅ ጎንበስ አለ። «ማሙሽ፣ ዛሬ ምሳህ ምንድን ነው?»

ልጁ አቶ ልዑልሰገድን ቀና ብሎ አየና ጣቱን ይበልጥ አጥብቆ ከንፈሩ ላይ ጫነ።

«አይመልስልዎትም» አሉ ርዕሰ መምህሩ በኩራት። «አርባ ሕፃን፣ አንዲት መምህርት፣ ኮሽታ ግን የለም! ይህን ያመጣሁት በሃያ ዓመት ልምድ ነው።»

እቴነሽ «አየሽ የኔ እናት፣ እንዴት ጨዋ እንደሆኑ?» ልትላት ወደ ልጇ ዞረች። ማህደር ከቤት ጀምራ ስለ ጎረቤት ድመት ስታወራ ነበር የመጣችው። አሁን የእናቷን ቀሚስ ተጠግታ ቆማለች፤ ማንም ሳያዛት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች። እቴነሽ ልትል የነበረው ነገር አፏ ላይ ቀረ።

ቢሮ ገብተው ተቀመጡ። አቶ ልዑልሰገድ ፎርም አወጡና መጠየቅ ጀመሩ።

«የአባት ሥራ?»

«ዶሮ አረባለሁ። አሁን ሁለት ሺህ ጫጩት አለኝ።»

«አይ እርስዎ!» አሉ ርዕሰ መምህሩ እያዘኑለት። «ቀኑን ሙሉ በዚያ ጫጫታ! እኛ ጋ ሲመጡ እንኳ ጆሮዎ አረፈ።»

ወንድይፍራው ሚስቱን አየት አደረጋት። የተለመደው ክርን አልመጣም።

«ኧረ እንዲያውም ደነገጠ እንጂ አላረፈም» አለ። «እኔ ጫጩት ቤት ጸጥ ያለ ለታ በባዶ እግሬ ነው የምሮጠው። ጫጩት ጤነኛ ከሆነ ይንጫጫል። ጭጭ ካለ ወይ ታፍኗል፣ ወይ በሽታ ገብቷል።»

አቶ ልዑልሰገድ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቸኮሉ።

«ይስሙኝ ጌታዬ! እዚህ የያዝነው ጫጩት አይደለም፤ የሰው ልጅ ነው!»

«እሱማ ነው» አለ ወንድይፍራው። «ጫጩት ቢሆኑማ ይኼኔ ሐኪም ተጠርቶላቸው ነበር።»

እቴነሽ ሳቋን ለመሸሸግ ጎንበስ ብላ ማሰሪያ የሌለውን የልጇን ጫማ ማሰር ያዘች፤ ቀና ስትል «ፎርሙን ይተዉት» አለቻቸው፤ ሰኞ ጠዋትም ማህደርን ለወይዘሮ ዘርፌ አስረክባ ሥራዋ ገባች።