የሊንደናው የሰሜን በሮች

በአሜሪካ ምድር፣ ነብራስካ በሚባለው የሜዳ አገር፣ ሊንደናው የምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር አለች። እዚያ ያለ ቤት ሁሉ ከዋናው የደቡብ በር ሌላ ወደ ሰሜን የሚከፈት፣ ቁልፍ የሌለው በር አለው። ውርጩም በረዶውም የሚመጣው ከሰሜን ስለሆነ እንግዳ ሰው ሲያየው ይገረማል። ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩ የጀመረው በሄኒንግ ራድሎፍ ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው ሄኒንግ በጀርመን አገር የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። የራሱን መሬት ፍለጋ ባሕር ሲሻገር ሚስቱ ዶሮቴያ አልጋ ላይ የዋለ አባቷን ጥላ መሄድ አልሆነላትምና ቀረች። ሲለያዩም፣ «አባቴን ቀብሬ እመጣለሁ። ቤት ስትሠራ በሩን ወደምመጣበት አድርገው፤ ከሩቅ እንድታየኝ» አለችው ይባላል።

የባቡር ጣቢያው ከመንደሩ በስተሰሜን ነበርና ሄኒንግ ጎረቤቶቹ ቢመክሩትም አልሰማ ብሎ በሩን በዚያው አወጣው። በብርዱ ወራት በረዶው አልጋው ድረስ ይገባበታል፤ እሱ ግን በየማለዳው ደፉን ጠርጎ መንገድ መንገዱን ያያል። እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ የዶሮቴያ ደብዳቤም መጀመሪያ ዘገየ፣ ኋላም ጭራሽ ቀረ።

በዘጠነኛው ዓመት ሄኒንግ ሳንባውን ታሞ ተኛ። ሊያስታምመው የመጣው ጎረቤቱ ክላስ ብርድ ልብሱ ላይ በረዶ ተጋግሮ ቢያይ አንጀቱ አልችል አለና የሰሜኑን በር በሳንቃ ቸንክሮ በደቡብ በኩል ሌላ በር ከፈተለት። ሄኒንግ ሲድን ሚስማሩን ሊነቅል አሰበ፤ ነገር ግን የእርሻው ጊዜ ደርሶ ነበርና «ዘሩን ልጨርስና» ብሎ አቆየው።

ዶሮቴያ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው ይባላል። በዚያ ዘመን ባለቤቱ የሞተበት ቤት በሳንቃ ይታሸግ ነበርና፣ የተቸነከረውን በር አንኳኩታ መልስ ስታጣ ባሏ የሞተ መሰላት። ሄኒንግ ከቤቱ ጀርባ፣ ከማሳው ማዶ እርፍ ይዞ ሲያርስ ነበርና አልሰማም። ለምሳ ሲመለስ በተቸነከረው በር ደፍ ላይ የሱፍ ካልሲ ተቀምጦ አገኘ፤ የማን እጅ እንደሠራው ወዲያው አወቀ። በፈረስ ጣቢያ ቢደርስ ባቡሩ ሄዷል። ወዴት እንደገባችም ከዚያ ወዲያ የሰማ የለም፤ ወደ አገሯ ቢጽፍ አልተመለሰችም አሉት።

ክላስ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። «ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ፣ ሄኒንግ» አለው።

«ለእኔ ብለህ ነው» አለ ሄኒንግ። «ሳልነቅለው የቆየሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ክላስ በማግስቱ የራሱን ቤት ግድግዳ በሰሜን በኩል መቅደድ ጀመረ። ሚስቱ ምን ሆንክ ብትለው፣ «ተመልሳ ብትመጣ የሱን በር ማንኳኳት ትፈራ ይሆናል። የኛን ታንኳኳ» አላት። ይህን የሰሙ ጎረቤቶችም አንድ በአንድ እንደሱ አደረጉ።

ሄኒንግ ሚስማሩን ነቅሎ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሃያ ዓመት ጠብቆ ሞተ። ሐዲዱም ከተነቀለ ቆይቷል፤ ዛሬ በዚያ በኩል የሚመጣ ሰው የለም። ሆኖም በረዶ ጥሎ ባደረ ቁጥር የሊንደናው ሰዎች አስቀድመው የሚጠርጉት የሰሜኑን ደፍ ነው፤ ጠርገውም ወዲያው አይገቡም፣ መጥረጊያውን ይዘው ጥቂት ይቆማሉ።